መንገዱ ሳይሸጥ ኑና ንዱበት፦ ፈረንሳይና አካባቢው ላላችሁ ሳይክለኛ ሀበሾች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በሊዮን፣ በግሬኖብል፣ በማርሴይ፣ በፓሪስ፣ ድንበሩን ተሻግሮም በዤኔቭና በሎዛን ለምትኖሩ፣ ሳይክል ላላችሁም ልትገዙ ላሰባችሁም ወገኖቼ በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁልኝ?

ሳላንዛዛ ጉዳዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የምኖረው አርዴሽ ነው፣ ከሊዮን በስተደቡብ፣ ከሮን ወንዝ በስተምዕራብ ያለው ሜዳ የሚባል ነገር የጠፋበት ገጠር፣ እና እዚ አገር መኪና የማታዩበት የጠጠርና የአፈር መንገድ ለጉድ ነው፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ አስፋልት የረገጥኩት ለማቋረጥ ብቻ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። ታዲያ አብዛኞቹ መንገዶች የማንም የግል አይደሉም፣ የህዝብ ናቸው፣ ግን የፈረንሳይ ህግ ላይ አንድ ነገር አለች፦ የገጠር መንገድ ሰው መሄድ ካቆመበት ማዘጋጃ ቤቱ ሊሸጠው ይችላል። እየተሸጠም ነው። ስለዚ የምለምናችሁ ኑና ንዱባቸው፣ ደሞ መንዳታችሁን በጽሁፍ አስመዝግቡ ነው። የቀረው ለምንና እንዴት የሚለው ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መቼም በሳይክል ጉዳይ እኛን የሚያህል ደጋፊ የለም። ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ 3 ኤታፕ (የአንድ ቀን ውድድር) በልቶ አረንጓዴውን ማሊያ ኒስ ድረስ ይዞ ሲገባ የነበረውን ጩኸት ማን ይረሳል፣ ከዛ በፊትም በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱሩን ሲጀምር ስልካችን ላይ ተደፍተን ነው የዋልነው። ከቲቪው ወዲያ ግን ሳይክል ለብዙዎቻችን ወይ ስራ ነው ወይ ምንም። ዴሊቨሪ የምትሰሩት ልጆች ቀኑን ሙሉ በአውቶብስና በካሚዮን መሀል ስትሽሎከለኩ ውላችሁ በእረፍት ቀናችሁ ሳይክል ማየት ቢያስጠላችሁ አልፈርድባችሁም። እሁድ እሁድ በግሩፕ የምትነዱት ደሞ አብዛኛው ቪያሮና ላይ ናችሁ፣ ከዤኔቭ ሀይቅ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ድረስ 815 ኪሎሜትር የሚሄደው፣ አሪፍ መንገድ ነው አልሰድበውም፣ ግን ሜዳ ነው፣ አብዛኛው አስፋልት ነው፣ ያ ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ የተነሳ ቀን ደሞ ወደ ሊዮን መመለስ ቅጣት ነው። ደጋ ያደግን ሰዎች እኮ ነን፣ ሜዳ ላይ ምን አጣብቆን ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ዶልቼ ቪያ የሚባለውን ነው የምመክረው። ቪያሮና ላይ ካለችው ላ ቩልት ከምትባል ከተማ ይነሳና የኤሪዩን ወንዝ ይዞ ወደ ላይ ለ ሼላር ድረስ 50 ኪሎሜትር ገደማ ይወጣል፣ እዛ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ላማስትር፣ አንዱ ወደ ሳንት አግሬቭ፣ ሲደመር 90 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ድሮ የባቡር ሀዲድ ነበር፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል አንድ ሜትር ብቻ ያለው ትንሽዬ ሀዲድ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ተሰርቶ በ1968 የተዘጋ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እና የድሮ ባቡር መንገድ ለኛ ምን ይጠቅማል ካላችሁ ሁሉንም ነገር ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይችልም፣ ስለዚ መሃንዲሶቹ ዳገቱ ከመቶ 3 ገደማ እንዳያልፍባቸው ተራራውን እየታከኩ አዞሩት፣ ሀዲዱ ጠባብ ስለሆነ ኩርባውን እጥፍጥፍ ማድረግ ቻሉ፣ ገደል ሲገጥማቸው የድንጋይ ድልድይ ጣሉበት፣ አለት ሲገጥማቸው በሱት። ላ ቩልት ከባህር ወለል 100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሳንት አግሬቭ 1050 ገደማ ላይ፣ ወደ 950 ሜትር ትወጣላችሁ ማለት ነው፣ ግን አንድም ቦታ ወርዳችሁ አትገፉም። ልጅ ይወጣዋል፣ ኪሎ የጨመረ አጎት ይወጣዋል፣ ቀስ ይላል እንጂ ይወጣዋል።

እንዲህ ያለውን መንገድ ፈረንሳዮቹ ቯ ቬርት ይሉታል፣ በ2004 በወጣ ድንጋጌ የትራፊክ ህጉ ውስጥ ገብቷል፣ እግረኛ፣ ሳይክልና ፈረስ ብቻ፣ ሞተርና መኪና ክልክል። በባትሪ የሚታገዘው ሳይክል ይፈቀዳል፣ ስለዚ ጉልበቷን የሚያማትን እናታችሁንም ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ነዋሪ ወደ ቤቱ የሚገባባቸው አጫጭር ቦታዎች ላይ አልፎ አልፎ መኪና ብታዩ አትደንግጡ። እና ይሄ መኪና አለመኖሩ ምን እንደሚሰራ የምታውቁት ስትነዱበት ነው፣ ጆሯችሁ ይከፈታል በቃ፣ ወንዙን ትሰማላችሁ፣ ኋላ ያለው ጓደኛችሁ የሚያወራውን ትሰማላችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን እየነዳችሁ የአንድ ሳምንት ወሬ ትጨርሳላችሁ።

ዙሪያውን ስታዩት ተራራው በሙሉ እርከን ነው። አፈር የሌለበትን ቁልቁለት ገበሬዎቹ በደረቅ ድንጋይ እየካቡ አፈር አቁመውበታል፣ ኮንሶን ያየ ሰው እዚ ሲመጣ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። እላዩ ላይ ያለው ዛፍ ሻቴኝ ነው፣ ድሮ እህል የማይበቅልበት አገር ስለነበር ፍሬውን አድርቀውና ፈጭተው ይበሉት ነበር፣ የዳቦ ዛፍ ነበር የሚሉት። አሁን እርከኑ ብዙ ቦታ ጫካ ውጦታል፣ ሰዉ ወደ ከተማ ሄዷል፣ መንገዶቹ ባዶ የሆኑትም በዚው ምክንያት ነው፣ ለሳይክለኛ ገነት የሆነው ነገር ለመንደሩ የስደት ታሪክ ነው።

ስደት ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር። ሳንት አግሬቭ ከደረሳችሁ በኋላ ሀዲዱ አልተነቀለም፣ በበጋ የቱሪስት ባቡር ይሄድበታል፣ በዛው መስመር ላይ ለ ሻምቦን ሱር ሊኞን የምትባል ከተማ አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዛች ከተማና የአካባቢዋ ገበሬዎች ናዚዎችና የራሳቸው መንግስት የሚያሳድዷቸውን አይሁዶች ቤታቸው ደብቀዋል፣ ፓስተር አንድሬ ትሮክሜ ከቀደሙት አንዱ ነበር፣ ብዙዎቹ ስደተኞችም የመጡት በዚው ትንሽዬ ባቡር ነው። ያድ ቫሼም የሚባለው የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም በ1990 ለህዝቡ በሙሉ እውቅና ሰጥቷል። እኛም ብዙዎቻችን የሰው በር አንኳኩተን ነው እዚ የደረስነው፣ ስለዚ እዛ ድረስ የሚነዳ ሀበሻ ለ ሻምቦን ያለውን የዚን ታሪክ ሙዚየም ሳያይ እንዳይመለስ፣ እግሩ ቢዝልም።

አሁን ወደ ጠጠሩ። ሰዎች ሲጽፉ አያለሁ፣ መንገዱ አስፋልት ይሁንልን፣ ሳይክላችን ይቆሽሻል እያሉ። እኔ በግሌ ደስ አይለኝም። አስፋልት የሆኑት ቯ ቬርቶች ጥሩ ናቸው፣ ቡርጎኝ ውስጥ በ1997 የተከፈተው ከዢቭሪ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎሜትር የሀገሩ የመጀመሪያው ነው፣ ወደ ማኮን ስትቀጥሉ 1.6 ኪሎሜትር የሚረዝም ዋሻ አለበት፣ ክረምት ክረምት ለሌሊት ወፍ ተብሎ የሚዘጋ፣ (የሌሊት ወፍ የሚከበርበት አገር!) እና በልጅ ጋሪና በሮለር ለሚሄድ ከዛ የተሻለ የለም። ግን አስፋልት ፍጥነት ያመጣል፣ ፍጥነት ሲመጣ ደሞ እግረኛውና ፈረሰኛው ይሸሻል። እኛ ደሞ ጠጠር አያስፈራንም መቼም፣ ኮረኮንች ላይ ጎማ እያንከባለልን ነው ያደግነው፣ የዶልቼ ቪያ ጠጠር ደሞ ተጠቅጥቆ የተደለደለ ስለሆነ ከኛ ፒስታ ጋር አይወዳደርም።

ግን ዶልቼ ቪያ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ቤቱ ከሱ ግራና ቀኝ የሚነሱት ሽማን ሩራል የሚባሉት የገጠር መንገዶች ናቸው። የበቅሎ መንገድ የነበሩ፣ ወፍጮ ቤት የሚያወርዱ፣ ቤተክርስቲያን የሚያወጡ፣ ከአንዱ መንደር ሌላው የሚያገናኙ፣ አንዳንዱ በሁለት የድንጋይ ካብ መሀል የሚሄድ፣ አንዳንዱ ሁለት የትራክተር ጎማ ፈለግ ብቻ። እዚ ላይ ዳገቱ ምህረት የለውም፣ ከመቶ 15ም ይገጥማችኋል፣ መውረድና መግፋትም አለ፣ ሲገፋ የሚታይ ሀበሻ ደሞ ማንም አይስቅበትም ምክንያቱም የሚያይ ሰው የለም። ላይኛው አምባ ላይ ስትወጡ ዛፉ ያልቅና ሳር ብቻ ይሆናል፣ ላሞች፣ ነፋስ፣ ከሩቅ ሜዛንክ ተራራ 1753 ሜትር ቁልጭ ብሎ፣ ሎዋር የተባለው የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ የሚነሳበት ዠርቢዬ ደ ዦንም እዛው ነው።

እዛ አምባ ላይ መንገዱን የሚያቋርጥ የከብት ሽቦ ያጋጥማችኋል፣ ኤሌክትሪክ ያለው። ተመለሱ ማለት አይደለም። ዳር ላይ የፕላስቲክ እጀታ አለች፣ ውስጧ ሞላ ያለባት፣ እጀታዋን ብቻ ይዛችሁ ትንሽ ትስቡና ከቀለበቱ ታወጧታላችሁ፣ ሽቦው መሬት እንዳይነካ እጃችሁ ላይ እንደያዛችሁ ሳይክሉን ታሳልፋላችሁ፣ ከዛ መልሳችሁ ትሰኳታላችሁ። ክፍት ሆኖ ያገኛችሁትን ክፍት ተዉት፣ ዝግ ያገኛችሁትን ዝጉ። እዚ ገበሬና ሳይክለኛ ከተጣሉ ከአስር ዘጠኙ በዚች እጀታ ነው።

እሺ ህጉ። ሽማን ሩራል የመንደሩ ማዘጋጃ ቤት፣ ሜሪ የምንለው፣ ንብረት ነው፣ ለህዝብ ክፍት ነው፣ ግን እንደ ዋና መንገድ ሙሉ ጥበቃ የለውም፣ ሜሪው የመጠገን ግዴታም የለበትም። የህዝብ መሆኑ የሚታወቀው ህዝብ ሲሄድበት ነው፣ ህጉ ራሱ እንደዛ ነው የሚለው። ሰው መሄድ ካቆመ የመንደሩ ምክር ቤት አንኬት ፑብሊክ የሚባለውን የህዝብ አስተያየት መስሚያ ከፍቶ ሊሸጠው ይችላል፣ ገዢው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ላይ መሬት ያለው ነው። ከዛ የባሰው ደሞ ማንም ሳይናገር 30 ዓመት አጥሮ የያዘ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ የኔ ነው ማለት መቻሉ ነው። በ2022 የወጣ ህግ ትንሽ አሻሽሎታል፣ ሜሪው መንገዶቹን ልቁጠር ካለ ያ የ30 ዓመት ቆጠራ እስከ ሁለት ዓመት ይቆማል፣ ግን ልቁጠር ካለ ነው፣ ግዴታ የለበትም። አንድ ጥሩ ነገር፣ መንገዱ በክፍለ ሀገሩ የእግር ጉዞ መዝገብ ውስጥ ከገባ ምትክ መንገድ ሳይሰጡ መሸጥ አይችሉም።

ይሄን ሁሉ ያጠናሁት ወድጄ አይደለም። እዚው አካባቢ አንዲት መንደር አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ እዛ ካርታ ላይ ያለ አንድ መንገድ በሁለት ሜዳ መሀል ወርዶ አሮጌ ወፍጮ ጋ ይደርሳል፣ ከዛ ወንዙን ይሻገርና ዶልቼ ቪያ ላይ ያወጣል፣ ለሳይክል ወርቅ የሆነ ማቋረጫ ማለት ነው። አንድ ቀን ስሄድ ሁለቱም ጫፍ ላይ እሾሃማ ሽቦ ተወጥሯል። እጀታ የለው፣ በር የለው። የመሬቱን ፕላን ከካዳስትር (የመሬት መዝገብ) ዌብሳይት በነጻ አወጣሁ (ማንም ማውጣት ይችላል፣ ሽማን ሩራል እዛ ላይ ቁጥር በሌለው ነጭ መስመር ነው የሚታየው፣ የግሉ ቦታ ሁሉ ቁጥር አለው) ይዤ ሜሪ ሄድኩ፣ ሜሪው የሚከፈተው ማክሰኞና አርብ ጠዋት ብቻ ነው። ጸሃፊዋ ጨዋ ሴት ናት፣ ፕላኑን አየች፣ አዎ የመንደሩ ነው አለች፣ ከዛ ግን ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ "እዛ እኮ ሰው ካለፈ ቆየ" አለችኝ።

ለሷ ተራ ወሬ ነው፣ በህግ ግን ሽያጩን የምትፈቅደው ያቺ አረፍተ ነገር ናት። መንገድ ላይ እንቅፋት ከተቀመጠ ከንቲባው ሳይውል ሳያድር ማስነሳት አለበት፣ ደንቡ ግልጽ ነው፣ ይሄን ጠቅሼ በአደራ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ እውነት ለመናገር ሽቦው ተነሳ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ደሞ የመንገዱ ሽያጭ የምክር ቤቱ አጀንዳ ላይ ወጣ። ምክንያቱ ያው ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም። በከንቲባው አልፈርድም፣ መንደሩ ብር የለውም፣ ገበሬውም ሁለት ሜዳውን ማገናኘት ቢፈልግ አይገርምም። ግን ማንም አይጠቀምበትም የሚለው ውሸት እንዲሆን ማድረግ እንችላለን፣ በእግርና በጎማ።

አመጣጡ ቀላል ነው። ከሊዮን ቫላንስ በቴኤር፣ በክልሉ ባቡር፣ ነው፣ ሳይክል ይገባል፣ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ግን ስለሚሞላ በጊዜ ተገኙ፣ ከቫላንስ ቪያሮናን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ላ ቩልት ድረስ 20 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ውድ ግራቭል (ለጠጠር የሚሰራ) ሳይክል ግዙ የሚላችሁን አትስሙ፣ አሮጌ ማውንቴን ባይክ ይበቃል፣ ጎማው 40 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ ይሁን፣ ከተማ ውስጥ እንደምትነፉት አታወጥሩት፣ ማርሹ ለዳገት የሚሆን ትንሽ ይኑረው፣ ከመነዳሪና ፓምፕ ያዙ፣ እዚ ጎሚስታ የለም። እንጀራ ካላችሁ ያዙ፣ ቀልዴን አይደለም፣ የገጠር ሱቅ ከ12 ሰዓት (በፈረንጅ) በኋላ ሁለት ሰዓት ይዘጋል፣ ሰኞ ደሞ ዳቦ ቤቱም ይዘጋል። ውሃ ሲያልቅባችሁ መቃብር ፈልጉ፣ አትሳቁ፣ የመንደር መቃብር ሁሉ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው፣ "ኖን ፖታብል" (አይጠጣም) የሚል ካልተለጠፈበት ሳይክለኛው ሁሉ ከዛ ነው የሚጠጣው፣ ስታልፉ ግን ቆብ አውልቁ።

አደን በዋናነት ከመስከረም እስከ የካቲት ማብቂያ ነው። ይሄን በቀልድ አትዩት፣ እዚ የዱር አሳማ ነው የሚያድኑት፣ እሁድ ይበዛል፣ አደን አለ የሚል ሰሌዳ መንገዱ ላይ ካያችሁ ዞራችሁ በሌላ ሂዱ፣ ሁሌም ደማቅ ብርቱካናማ ወይ ቢጫ ጃኬት ልበሱ። ፈረስ ሲመጣ ቀስ በሉና ድምጽ አሰሙ፣ ለሰው ሁሉ ቦንዡር በሉ፣ እዚ ቦንዡር ያላለ ሰው ሌባ ነው የሚመስላቸው፣ ሰላምታ ላይ ደሞ እኛን የሚያህል የለም።

አሁን ዋናው። አንኬቱ በቅርቡ ይከፈታል፣ ለ15 ቀን፣ ቀኑ ሜሪው በር ላይና መንገዱ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ሀሳብ ለመስጠት የመንደሩ ነዋሪ መሆን አያስፈልግም፣ ፈረንሳዊ መሆንም አያስፈልግም። ከዛ በፊት ኑ፣ መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ፣ አብረን እንወርደዋለን፣ ከዛ እያንዳንዳችሁ የአንኬቱ ደብተር ላይ ሁለት መስመር በፈረንሳይኛ ትጽፋላችሁ፦ በዚ ቀን ከዚ እዚ በሳይክል አልፌያለሁ፣ ልጆቼን ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ፣ ከዋናው መንገድ ውጪ ሌላ መሻገሪያ ስለሌለ እንዳይሸጥ እጠይቃለሁ። የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ ያላለፋችሁትን አለፍኩ አትበሉ፣ አንድ ውሸት ከተገኘ ሁላችንንም ነው የሚያስንቀን። ፈረንሳይኛችሁ ቢሰበርም ችግር የለውም፣ ደብተሩ ላይ የሚጻፈውን አንኬቱን የሚመራው ሰው ማየትና በሪፖርቱ ማንሳት አለበት።

ሩቅ ያላችሁት ደሞ ያላችሁበትን ገጠር በኢዤኤን፣ በፈረንሳይ መንግስት የካርታ መስሪያ ቤት፣ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ክፈቱት፣ ነጻ ነው፣ ሁለት መስመርና ነጠብጣብ መስመር የሚታየው መንገድ ብዙ ጊዜ ሽማን ሩራል ነው፣ የህዝብ መሆኑን ካዳስትሩ ላይ አረጋግጡ፣ ሄዳችሁ ንዱት፣ ክፍት ከሆነ ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ማንም በሚያርመው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ጠጠር ነው አፈር ነው ብላችሁ አስገቡ፣ ዝግ ከሆነ ፎቶ አንሱና ለሜሪው ጻፉ።

ቀኑ እንደተለጠፈ እዚው አሳውቃችኋለሁ። ቫላንስ ጣቢያ መጥቼ እቀበላለሁ፣ ምሳ ከኔ፣ ከመነዳሪ ከናንተ።

አክባሪ ወገናችሁ፣
ከአርዴሽ